ከጥቅም ውጭ ለሆነች መኪና ካሳ፦ በጅማ የአንድ መድን ድርጅት ቅርንጫፍ አገልግሎት

ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከታናሽ እህቴ ጋር ለለቅሶ ወደ አሰንዳቦ ስንጓዝ፣ ሰርቦን አልፈን ጥቂት እንደሄድን መኪናችን በዝናብ በረጠበው አስፋልት ላይ ተንሸራትታ ከመንገድ ወጣችና ቦይ ውስጥ ተገለበጠች። እህቴ የእጇ አንጓ ተሰብሮ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ታክማ ድናለች፤ እኔም ከጭረት ያለፈ ጉዳት አልደረሰብኝም። ፈጣሪ ይመስገን፣ ነፍስ ስለተረፈ ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ብረቱና ስለ ገንዘቡ ብቻ ነው። በከተማችን ብዙ ሰው በየዓመቱ አረቦን (ለመድን የሚከፈለውን ገንዘብ) እየከፈለ፣ አደጋ ሲደርስ ግን ምን እንደሚገጥመው ሳያውቅ ይኖራልና የገጠመኝን በዝርዝር ማስፈር አስፈላጊ መስሎ ታይቶኛል። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም።

መኪናዋ ቶዮታ ያሪስ ስትሆን በራሷ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም የሚውል ሙሉ ሽፋን ያለው መድን ነበራት። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ሁሉም ባለተሽከርካሪ የመግባት ግዴታ ያለበት የሦስተኛ ወገን መድን በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚውል ነው፤ የባለቤቱን መኪና አይጠግንም፣ አይተካም። ይህን ልዩነት ሳያውቁ የሦስተኛ ወገን መድን ስለገቡ ብቻ «ኢንሹራንስ አለኝ» ብለው የሚተማመኑ ሰዎች በአደጋ ጊዜ የሚደርስባቸውን ድንጋጤ በዚያው ቅርንጫፍ ተቀምጬ ተራ ስጠብቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከቅርንጫፉ መልካም ጎን ልጀምር። በማግሥቱ ጠዋት ስሄድ ያስተናገደችኝ ወጣት ሠራተኛ ገና ወረቀቶቼን ስዘረጋ፣ «ጋሼ፣ ወረቀቱ ይደርሳል፤ አብረውዎት የነበሩት ሰዎች ደኅና ናቸው?» ብላ ነው የጀመረችው። የጉዳት ማስታወቂያ ቅጹን አብራኝ ሞላች፤ በውሌ ላይ አደጋውን ለማሳወቅ የተሰጠው ጊዜ አምስት ቀን መሆኑንም አሳየችኝ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የዓመታዊ ምርመራ ማስረጃና የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት እንደሚያስፈልጉ በአንድ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ እንጂ እንደ ብዙ መሥሪያ ቤት ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን እየጠየቀች አላመላለሰችኝም። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ሰው በተሰበረ ልቡ ደጅ ሲጠና ሥርዓት ያለው አቀባበል ምን ያህል እንደሚያሳርፍ የደረሰበት ያውቀዋል።

የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱ በወረዳው በአራት ቀን ተጽፎ ደረሰኝ። ሪፖርቱ እንደሚጠበቀው በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ነበር፤ ፋይሉ አዲስ አበባ ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት ሲላክ ግን «ተተርጉሞ ይቅረብ» ተብሎ ተመለሰ። ለትርጉሙም ለማኅተሙም የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ስምንት ቀንም ጠፋ። በጅማ ከተማ ቢሮ ከፍቶ ለዓመታት ውል የሸጠ ድርጅት፣ በጅማ ዞን የሚጻፈው የፖሊስ ሪፖርት በየትኛው ቋንቋ እንደሚሆን ማወቅና አንባቢውን ራሱ ማዘጋጀት ነበረበት። ይህ ወጪ በደንበኛው ላይ መውደቁ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅም በጽሑፍ አመልክቻለሁ።

ቀጥሎ የመጣው የመሐንዲስ ጥበቃ ነበር። መኪናዋ በክሬን ተጭና ጅማ ወደሚገኝ ጋራዥ ከገባች በኋላ ጉዳቱን የሚገምተው ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አሥራ አራት ቀን ጠብቀናል። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን አውቃለሁ፤ ባለሙያው በአንድ ጉዞ የሌሎች ደንበኞችንም መኪና አብሮ ማየት እንደነበረበት ተነግሮኛል። ይሁን እንጂ በነዚያ ቀናት ጋራዡ የማደሪያ ሒሳብ ይቆጥር ነበር፤ ያንንም ውሉ አይሸፍንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እገባለሁ። ውሉን መጀመሪያ የገባሁት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲሆን መኪናዋ ያን ጊዜ የተመዘገበችበት ዋጋ 1,100,000 ብር ነበር። በ2016 እና በ2017 ጥቅምት ሳሳድስ ማንም ስለ ዋጋው አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ የዓመቱን 24,200 ብር አረቦን ከፍዬ ደረሰኜን ይዤ ወጣሁ። በመካከሉ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተደርጎ የብር ዋጋ ሲወርድ፣ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ ወዲያው ሽቅብ ወጥቷል። አደጋው በደረሰበት ቀን የዚያ ዓይነት ያሪስ በገበያ 2,000,000 ብር እንደሚያወጣ የድርጅቱ መሐንዲስ ራሱ በሪፖርቱ ጽፏል።

የዚህ ልዩነት ክብደት የገባኝ የመጀመሪያው የጥገና ፕሮፎርማ 870,000 ብር ሆኖ ሲቀርብ ነው። እኔ ድርጅቱ 870,000 ብሩን ከፍሎ መኪናዬን የሚያስጠግን መስሎኝ ነበር። የካሳ ክፍል ኃላፊው ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥተው ሒሳቡን ሠሩልኝ፤ 2,000,000 ብር የምታወጣ መኪና በ1,100,000 ብር ብቻ መድን ከተገባላት፣ ድርጅቱ ዋስትና የሰጠው ለዋጋዋ 55 በመቶ ብቻ ስለሆነ ከጥገናውም የሚከፍለው 55 በመቶውን ነው። ከ870,000 ብር የሚደርሰኝ 478,500 ብር ሲሆን ቀሪው 391,500 ብር በእኔ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ይህ የድርጅቱ ብልጣብልጥነት አይደለም፤ በ1952ቱ የንግድ ሕግ ስለ መድን በሚደነግገው ክፍል ንብረቱን ከዋጋው ባነሰ ገንዘብ መድን ያስገባ ሰው ለልዩነቱ ራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራል። ሕጉ ሕግ ነው፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት አረቦን ሲቀበሉኝ ይህን የነገረኝ ሰው አለመኖሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በእድሳት ቀን «የመኪናዎ ዋጋ አሁን ስንት ይገመታል?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በ2,000,000 ብር ቢመዘገብ ኖሮ በዚያው ስሌት አረቦኑ ወደ 44,000 ብር ያድግ ነበር፤ በዓመት 19,800 ብር መጨመር ማለት ነው። ይህን ጨምሬ ቢሆን ኖሮ 391,500 ብሩ በእኔ ላይ ባልወደቀ ነበር።

ጋራዡ ጥገናውን ሊጀምር መኪናዋን ሲፈታት የወለሉ ብረትና የጣሪያው ምሰሶዎች መጣመማቸው ታየ፤ አዲሱ ፕሮፎርማም 1,400,000 ብር ሆነ። የጥገናው ወጪ ከተመዘገበው የመድን ገንዘብ በመብለጡ ድርጅቱ ጥገናውን ትቶ መኪናዋን ከጥቅም ውጭ እንደሆነች ቆጠራት። በዚህ ጊዜ ክፍያው በመቶኛ መከፋፈሉ ቀርቶ የተመዘገበው ገንዘብ በሙሉ የሚከፈል ሆነ። እንደ እኔ ያለ ባለንብረት መኪናው ትጠገን ብሎ ከመሟገቱ በፊት ሁለቱንም ሒሳብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያይ ይጠቅመዋል፤ እኔ በመጀመሪያው ሳምንት «ትጠገንልኝ» እያልኩ እማጸን ነበርና። የተገላቢጦሹም መታወቅ አለበት፦ መኪናዋ በ3,000,000 ብር ተመዝግባ ቢሆን እንኳ ካሳው በአደጋው ቀን ከነበራት ዋጋ አይበልጥም፤ ከዋጋ በላይ ማስመዝገብ ትርፉ አረቦን መክፈል ብቻ ነው።

ከዚያ ስለ ስብርባሪው ተነጋገርን። ድርጅቱ ቅሪቷን በ450,000 ብር ገምቶ ሁለት አማራጭ ሰጠኝ፤ ወይ ስብርባሪውን ለእነሱ ትቼ ሙሉ ካሳውን መውሰድ፣ ወይ ስብርባሪውን አስቀርቼ 450,000 ብሩ ከካሳው ላይ እንዲቀነስ መስማማት። መርካቶ የሚሠራ የማውቀው መካኒክ ሞተሩና ካምቢዮው ደኅና ስለሆኑ ተፈታትታ ብትሸጥ ከዚያ የበለጠ እንደምታወጣ ነግሮኝ ነበር፤ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ቦታውም ጊዜውም ስላልነበረኝ ለድርጅቱ ተውኳት፤ በታሸገ ፖስታ ጨረታም ተሸጠች። ቅር ያለኝ ግምቱ በምን ላይ እንደተመሠረተ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ጠይቄ በቃል ብቻ መመለሴ ነው። አማራጭ የሚሰጠው ደንበኛ የሚያመዛዝንበት ወረቀት በእጁ ሊኖር ይገባል።

ሊብሬውን፣ ሁለቱንም ቁልፎች፣ መኪናዋ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት የሚያሳይ ማስረጃና የስም ማዛወሪያ ውክልና ካስረከብኩ በኋላ፣ ካሳውን ሙሉ በሙሉ መቀበሌንና ሌላ ጥያቄ እንደማላነሣ የሚገልጽ ሰነድ እንድፈርም ቀረበልኝ። እዚህ ላይ የካሳ ክፍል ኃላፊውን አመሰግናለሁ፤ «ቤት ወስደው ከቤተሰብ ጋር አንብበው ይፈርሙ፤ አንዴ ከተፈረመ መመለሻ የለውም» አሉኝ እንጂ አላጣደፉኝም። ወስጄ ሳነበው የክሬኑ ወጪ አለመካተቱን አየሁ። ውሉ ለመጎተቻ እስከ 5,000 ብር ይፈቅዳል፤ እኔ የከፈልኩት 14,000 ብር ነው። ሳስታውሳቸው 5,000 ብሩን ያለ ክርክር ጨመሩት። መጀመሪያውኑ ለምን እንደተዘለለ ግን አልገባኝም፤ ሰነዱን በዚያው ወንበር ላይ ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ቀርቶብኝ ነበር።

ክፍያው መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም. በባንክ ሒሳቤ ገባ። ከ1,100,000 ብር ላይ በውሉ የተጻፈው 15,000 ብር ተቀናሽ (ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ) ወርዶ፣ የመጎተቻው 5,000 ብር ተጨምሮ፣ በድምሩ 1,090,000 ብር ነው። ከአደጋው ቀን አንሥቶ 84 ቀን መሆኑ ነው። ለቀሪው ጊዜ የተከፈለው አረቦን አይመለስም፤ ሙሉ ካሳ ሲከፈል ውሉ በዚያው ያበቃል። ከ84ቱ ቀናት ሃያ ሁለቱ በትርጉሙና መሐንዲሱን በመጠበቅ የባከኑ ናቸው፤ እነዚህ ባይኖሩ በሁለት ወር ያልቅ ነበር።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ዳኝነቴ አንድ ወጥ ሊሆን አልቻለም። አደጋ የደረሰበትን ሰው በመቀበል፣ ሒሳቡን ቁጭ ብሎ በማስረዳትና የተስማሙበትን በመክፈል የጅማው ቅርንጫፍ ሠራተኞች ምስጉን ናቸው፤ ለወዳጅ ዘመድም አፌን ሞልቼ እናገርላቸዋለሁ። ውል በመሸጥና በማሳደስ በኩል ግን ድርጅቱ ደንበኛውን አይጠብቅም። የእድሳት ማስታወሻ በስልክ መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ የሚናገረው ስለ መክፈያው ቀን ነው፣ ስለ መኪናው ዋጋ አንድ ቃል የለበትም። ለሥራ አስኪያጁ ባስገባሁት ማመልከቻ ላይ ከትርጉሙ ቀጥሎ ያነሣሁት ይህንኑ ነው፤ በእድሳት ቅጹ ላይ የወቅቱ ዋጋ የሚሞላበት አንድ መስመር እንዲጨመር ጠይቄያለሁ። «ለዋና መሥሪያ ቤት እናቀርባለን» ብለውኛል።

በካሳው ገንዘብ ላይ ከእህቴ ተበድሬ ጨምሬበት ከበፊቷ በዕድሜ የገፋች ሌላ ያሪስ ገዝቻለሁ። መድን የገባሁላትም እዚያው ቅርንጫፍ፣ እዚያችው «ጋሼ» ያለችኝ ልጅ ዘንድ ነው። ከመፈረሜ በፊት የሦስት ሻጮችን ዋጋ በጽሑፍ አቅርቤ ከፋይሉ ጋር እንዲያያዝ አድርጌያለሁ፤ እሷም ጥቅምት ሲመጣ ደውላ ስለ ዋጋው እንደምትጠይቀኝ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጽፋለች።