ከቴክሳስ ተነስቶ ማያሚ ላይ ያስቀረኝ ሮኬት

ኮከቦቹን ከፊት ላስቀምጥ። ለአየር መንገዱ ከአምስት ሁለት፤ ለካፒቴኑ ሙሉ አምስት። የአየር መንገዱን ስም አልጠራም፤ ነገም የምሳፈረው እሱኑ ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 6 ቀን 2025። ከማያሚ ወደ ዋሽንግተን፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ። ወንበሬ 23ኢ፣ መሃል ላይ፤ ጉልበት አያስዘረጋም። እሱ እንደ ዋጋው ነው፣ አልከስም።

ልንሳፈር ስንል ስክሪኑ ላይ «ዘግይቷል» የሚል ጽሑፍ መጣ። አፑን ከፈትኩ። ምክንያት፦ የአየር ሁኔታ። በመስታወቱ ወደ ውጭ አየሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጌቱ ጋ የቆመችውን ሠራተኛ ብጠይቃት «የኦፕሬሽን ጉዳይ ነው» አለችኝ። ምን ማለት እንደሆነ እሷም አላወቀችም መሰለኝ፤ ዓይኗን ወደ ኮምፒውተሯ መለሰች።

እውነቱን ያገኘሁት አጠገቤ ከተቀመጠ ወጣት ነው። ስልኩን አዞረልኝ። የእሳት ፍንጣሪ ሰማዩን እየሰነጠቀ ሲወርድ የሚያሳይ ቪዲዮ። «ስታርሺፕ ነው፤ ተበታትኗል» አለኝ።

የስፔስኤክስ ግዙፍ ሮኬት በማያሚ አቆጣጠር 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከደቡብ ቴክሳስ ተነስቶ ነበር። ዐሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው የላይኛው ክፍሉ መሽከርከር ጀመረ፣ ከዚያም ጠፋ። ቴክሳስ የት፣ ማያሚ የት! ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ግን ሮኬቱ የሚሄደው በፍሎሪዳና በኩባ መካከል አልፎ ወደ ባሃማስ አካባቢ ስለሆነ፣ ሲበተን ስብርባሪው በእኛ ሰፈር ሰማይ ላይ ሆነ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የማያሚ፣ የፎርት ላውደርዴል፣ የፓልም ቢችና የኦርላንዶ በረራዎችን ለጊዜው አስቆመ። በኋላ የተቆጠረው ወደ 240 በረራ ነው፤ ከሃያ በላይ የሚሆኑት ጭራሽ ወደ ሌላ አውሮፕላን ማረፊያ ዞረዋል።

በመጨረሻ ተሳፈርን። ተሳፍረን ደግሞ ቆምን። እዚህ ጋ ነው ካፒቴኑ አምስቱን ኮከብ ያገኘው። ማይክራፎኑን አንስቶ እንደ ሰው አወራን። አውሮፕላኑ ምንም እንዳልሆነ፣ አንድ ሮኬት እንደተበታተነ፣ ቁርጥራጩ ወርዶ እስኪያልቅ መንገዱ እንደማይከፈት ነገረን። ከባዱ ቶሎ ይወድቃል፤ ቀላሉ ግን እንደ ወረቀት እየተንሳፈፈ ጊዜ ይወስዳል አለ። «እኛ መሬት ላይ ነን፤ አሁን አየር ላይ ሆነው ነዳጃቸውን የሚቆጥሩ ጓደኞቼ አሉ» ሲል፣ ኋላ ሲያጉረመርም የነበረው ሁሉ ጸጥ አለ። እውነቱን ነው። ጃንዋሪ 16 ቀን ተመሳሳይ ሮኬት ተርክስና ካይኮስ ደሴቶች አጠገብ ሲበተን፣ አየር ላይ ሲዞሩ የቆዩ አውሮፕላኖች ነበሩ። መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ሰው ያናድዳል እንጂ ነዳጅ አያልቅበትም።

ነገሩ ስለከነከነኝ ቤት ገብቼ ጥቂት አነበብኩ። ሁለት ዓይነት መዘጋት አለ። አንደኛው የታወቀ ነው። ፍሎሪዳ ጠረፍ ላይ ካለው የሮኬት ማስወንጨፊያ፣ ከኬፕ ካናቬራል፣ ሮኬት ሲነሳ ከፊቱ ያለው የባሕር ላይ ሰማይ በቀጠሮ ይዘጋል፤ ማስታወቂያው ለፓይለቶች አስቀድሞ ይደርሳል፤ አውሮፕላኖቹ ዞር ብለው ያልፋሉ። ድሮ በአማካይ ከአራት ሰዓት በላይ ይዘጋ ነበር። ከ2021 ጀምሮ የሮኬቱን መረጃ በቀጥታ ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የሚያደርስ ሥርዓት ስለመጣ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ወርዷል። (በዚያው በ2021 አንዲት ሄሊኮፕተር የተዘጋው ክልል ውስጥ ገብታ ፋልከን 9 የተባለውን ሌላውን የስፔስኤክስ ሮኬት ሊነሳ 11 ሰከንድ ሲቀረው አስቁማዋለች። ተሳፋሪ ብቻ አይደለም የሚጠብቀው ማለት ነው። ትንሽ ደስ አለኝ።)

ሁለተኛው ነው እኛን ያገኘን። አካባቢው በካርታ ላይ ቀድሞ ይሰመራል፤ የሚዘጋው ግን ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው። ካልተበላሸ ማንም ሳያውቅ ያልፋል።

ስለዚህ ሰማዩን በመዝጋታቸው ቅሬታ የለኝም። ይዝጉት! የብረት ቁራጭ ከላይ እየወረደ ቶሎ አድርሱኝ የምል ሰው አይደለሁም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ሮኬቱ የሚነሳበት ሰዓት አደባባይ የወጣ ነገር ነው። በረራ የሚያቅዱት ሠራተኞች ያውቁታል። ሻንጣሽን 40 ዶላር ከፍለሽ አስጭኚ ለማለት በቀን ሦስቴ መልእክት የሚልክልኝ አፕ፣ «ዛሬ ማታ በመንገድሽ ላይ ሮኬት አለ፤ ልትዘገዪ ትችያለሽ» ማለት ምን ያቅተዋል? እሱ ይቅር፤ ከተበታተነ በኋላ እንኳ «የአየር ሁኔታ» ብሎ መዋሸት ለምን አስፈለገ?

አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ዘግይተን ተነሳን። የተሰጠን አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። በኢሜይል ጻፍኩላቸው፤ «ከቁጥጥራችን ውጭ» የሚል መልስ በማግስቱ መጣ። አሜሪካ ውስጥ ለእንዲህ ያለ መዘግየት ካሳ የሚያስገድድ ሕግ ስለሌለ ገንዘብ አልጠየቅኩም። ምክንያቱን በትክክል ጻፉልኝ ነው ያልኩት፤ ለአሠሪዬ ላሳየው ነበር። እስካሁን መልስ የለም።

ወደ ፍሎሪዳ ወይም ወደ ካሪቢያን የምትበሩ ከሆነ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሮኬት ማስወንጨፊያ ቀጠሮዎችን እዩ። ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ቀጠሮው ራሱ ይገፋል፣ ይሰረዛል፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። ተከታይ በረራ ካላችሁ ቢያንስ ሦስት ሰዓት አስቀምጡ።

እኔ በሚቀጥለው ወር ያንኑ መንገድ ቆርጫለሁ። ርካሹ እሱ ነው፣ ምን ላድርግ። ቀጠሮውን ሳይ በዚያው ምሽት ከኬፕ ካናቬራል አንድ ፋልከን 9 ይነሳል። ከማያሚ ወደ ሰሜን ሲበሩ ኬፕ ካናቬራል በስተግራ ነው። 14 ዶላር ጨምሬ የግራ መስኮት ያዝኩ።