የሚሽከረከረው ወይስ ሶላሩ? ጣሪያችሁን ከመቅደዳችሁ በፊት

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ተቀምጦ የሠራ ሰው ስለ ምን እንደማወራ ይገባዋል። ኮርኒሱን በእጃችሁ ብትነኩት ትኩሳት የያዘው ሰው ግንባር ነው የሚመስለው። ጠረጴዛ ላይ ያለው ፋን ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ ፊታችሁ ላይ ይነፋል። መብራት ከጠፋ ደግሞ እሱም የለም።

እና ሰዉ ወደ ጣሪያው ማየት ጀምሯል። አንዱ አማራጭ በየፋብሪካውና በየመጋዘኑ ላይ የምታዩት፣ ሽንኩርት የመሰለው የሚሽከረከር ላሜራ ነው። ንፋስ ያዞረዋል፣ የታፈነውን አየር ያወጣል፣ መብራት አይቆጥርም። ሁለተኛው ትንሽ የሶላር ፓኔል የተገጠመለት የጣሪያ ፋን ነው። ፀሐይ ስትወጣ ይነሳል፣ ስትጠልቅ ይተኛል።

ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ። የሚሽከረከረውን አዳማ ላይ በእህቴ ባል የእህል መጋዘን አስገጥመናል። ሶላሩ አዲስ አበባ የኔ ልብስ ስፌት ቤት ላይ ነው ያለው። የትኛው ይሻላል ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ሻጮች የማይነግሯችሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁለቱም አየር አይፈጥሩም፤ ያለውን ያወጣሉ እንጂ። ከታች የሚገባ ከሌለ ከላይ የሚወጣ የለም።

ይህን የተማርነው በገንዘባችን ነው። አዳማ ላይ የገጠምነው ነገር የመጀመሪያውን ወር ሲሽከረከር ዋለ፣ ሲሽከረከር አደረ። መጋዘኑ ግን ያው ነበር። የእህቴ ባል «ተታለልን መሰለኝ» አለኝ በስልክ። ሄጄ ሳየው ዕጣን አጫጫስን። ገሉን መሬት ላይ አስቀምጠን በሩን እንደወትሮው ዘጋን። ጭሱ ሰው ቁመት ድረስ ወጣና እዚያው ተንሳፍፎ ቀረ። ከዚያ በሩን ገርበብ አደረግነው፤ ጭሱ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ወደ መሃል ሄደ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ። ለካ ለአይጥና ለሌባ ብለን ቤቱን እንደ ቆርቆሮ ጣሳ አሽገነዋል። በማግስቱ ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ከግርጌ ስድስት ብሎኬት አስወጥተን ወፍራም ሽቦ ወጠርንበት። ለውጡ የመጣው ያኔ ነው። ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን የዕጣን ሙከራ አድርጓት፤ ብዙ ወጪ ታድናለች።

የመግቢያው ስፋት ቢያንስ ከላይኛው ቀዳዳ ጋር እኩል ይሁን፣ እጥፍ ቢሆን ደግሞ የተሻለ። የትንኝ ወንፊት ካደረጋችሁበት ወንፊቱ ራሱ የአየሩን ግማሽ ሊይዝባችሁ ይችላል፤ ስለዚህ ጨምሩበት።

አሁን ወደ ንጽጽሩ።

የሚሽከረከረው በሁለት ጉልበት ነው የሚሠራው። ንፋስ ክንፎቹን ይመታና ያዞራቸዋል፣ በዚያው ከውስጥ አየር ይስባል። ንፋስ በማይኖርበት ጊዜ ደግሞ የሞቀ አየር ስለሚቀል በራሱ ወደ ላይ ወጥቶ በዚያው ቀዳዳ ይሄዳል። ሰው የሚረሳው ይህን ሁለተኛውን ነው። በግምት እናስላው። ጎንና ጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ጣሪያ ላይ አለ እንበል፣ ከታችኛው መግቢያ በ3 ሜትር ከፍ ይላል፣ የውስጡ አየር ደግሞ ከውጪው በ10 ዲግሪ ይሞቃል። ምንም ነገር ሳይሽከረከር በሰዓት ከ200 እስከ 270 ኪዩቢክ ሜትር አየር ይወጣል። 5 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች፣ ቁመቷ 3 ሜትር የሆነ ክፍል ጠቅላላ አየሯ 60 ኪዩቢክ ሜትር ነው። ማለትም ባዶ ቀዳዳ ብቻውን የክፍሏን አየር በሰዓት ሦስት አራት ጊዜ ይቀይረዋል። ሽክርክሪቱ የሚጨምረው በዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ነው ሦስተኛ ተወዳዳሪ ማስገባት የምፈልገው፣ ማንም ማስታወቂያ የማይሠራለትን፦ ከፍ ያለ ኮልሞ፣ ማለትም የጣሪያውን አናት የሚሸፍነው ቆርቆሮ ከፍ ብሎ ሲቀመጥ። አናጢው ጣሪያው አናት ላይ ሁለቱ ክንፎች የሚገናኙበትን ክፍት ትቶ፣ ኮልሞውን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ በሞራሌ ላይ ያስቀምጠዋል። ጎኑን በሽቦ ይሸፍነዋል። የሚበላሽ ነገር የለውም፣ የሚሰረቅም የለውም። አዲስ ጣሪያ እየመታችሁ ከሆነ ከሁለቱ በፊት ይህን አስቡ። የድሮው የሳር ቤት ጭስ በክዳኑ መሃል ሾልኮ እየወጣ ይተነፍስ ነበር እኮ፤ ቆርቆሮ ሲመጣ ነው የታፈንነው። ዱባይ የኖራችሁ ደግሞ በአል ፋሂዲ ሰፈር ከአሮጌዎቹ ቤቶች በላይ የቆሙትን ባርጂል የሚባሉ የንፋስ ማማዎች ታውቋቸዋላችሁ። ኤሲ ከመምጣቱ በፊት ያ ሁሉ ሙቀት የታለፈው ንፋሱን ከላይ ይዞ ወደ ክፍል በማውረድ ነበር።

የንፋሱ ነገር ግን የቦታ ጉዳይ ነው። አዳማ ላይ አልከራከርም። ከከተማዋ ዳር ያሉት አዳማ አንድና አዳማ ሁለት በድምሩ 136 ተርባይን አቁመው 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም የተተከለባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ ከተማዋ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል ስለሚቀል በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ ንፋስ የሚገፋውም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ጎረቤት ነው። አጠገባችሁ ጂ ፕላስ አራት ከተሠራ ጣሪያችሁ ከንፋስ ተከልሏል። የኔ ሱቅ እንደዚያ ነው፤ ከኋላ ሕንጻ፣ ከጎን ሕንጻ። አንድ ክር ጣሪያው ላይ አስሬ ሳምንት ሙሉ አየሁት። አብዛኛውን ቀን ተንጠልጥሎ ዋለ። ሶላር የገዛሁት ለዚህ ነው።

ሶላሩ አንድ የሚያስቀና ጠባይ አለው። በጣም በሚሞቃችሁ ሰዓት ነው በጣም የሚበረታው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ድምፁ እየጨመረ ይመጣል፣ ሰባት ስምንት ሰዓት ላይ ይጮኻል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ይለግማል። ማብሪያ ማጥፊያ የለ፣ ቆጣሪ የለ። የልብስ መተኮሻ እንፋሎቱና የጨርቅ ብናኙ ወደ ላይ ሲሳብ በዓይኔ አያለሁ። ሠራተኞቼ ከሰዓት በኋላ ራስ ምታት ይሉ የነበረው ቀንሷል፤ ይህን እንደ ጥናት አትውሰዱብኝ፣ የሦስት ሰው ነገር ነው።

ችግሩ ሌሊት ነው። ድሬዳዋ ያለ ሰው የሚቸገረው ቀን ብቻ አይደለም፤ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል። ያኔ ሶላሩ ተኝቷል። ባትሪ ያለው ሞዴል አለ፣ ግን ባትሪ ከጨመራችሁ ወጪም ጨመራችሁ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚሞት ዕቃም ጨመራችሁ፣ ጣሪያ ስር ያለው ሙቀት ደግሞ ባትሪን ቶሎ ይገድላል። ክረምትም አለ። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ሲከብድ የኔው ፋን ሙሉ ቀን ሳይነሳ የሚውልበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ላይ በዚያን ወቅት ሙቀት ስለሌለ ግድ አይሰጠኝም። ዶሮ ለምታረቡ ግን ይሰጣችኋል። የዶሮ ኩስ አሞኒያ ክረምት ከበጋ፣ ቀን ከሌሊት አይልም፤ እንዲያውም በዝናብ ጊዜ ርጥበቱ ሲጨምር ይብሳል። ለዶሮ ቤት ሶላር ብቻውን አይበቃም። ከፍ ያለ ኮልሞ፣ ንፋስ ካለ ደግሞ የሚሽከረከረው።

እህልም እንደዚሁ ነው። ማለዳ ላይ ቆርቆሮ ከውስጥ ሲያልበው አይታችኋል? ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ የታፈነው እርጥብ አየር ይነካውና ጠብታ ይሆናል፣ ጠብታው ጆንያ ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ ሻጋታ ነው። ይህን የሚያክመው ሌሊት የሚሠራ ነገር ነው። በዚህ ንፋሱ ሶላሩን ያስንቀዋል።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ያሳቀኛል። ሶላሩ ግን ብዙ ጊዜ ከሚሽከረከረው በደንብ ይወደዳል። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር እንዳያማልላችሁ። ብዙዎቹ በሲ.ኤፍ.ኤም፣ ማለትም በደቂቃ ስንት ኪዩቢክ ጫማ አየር እንደሚያወጣ ነው የሚጽፉት፤ በ1.7 ስታባዙት በሰዓት ስንት ኪዩቢክ ሜትር እንደሆነ ታገኛላችሁ። ያ ቁጥር ደግሞ ምንም በማይከለክለው ክፍት አየር፣ በሙሉ ፀሐይ የተለካ ነው። ወንፊት፣ አቧራ፣ ጠባብ መግቢያ ሲጨመርበት የናንተ ቤት ያንን አያይም። ሞተሩ ካርቦን የሌለው፣ ብራሽለስ የሚባለው መሆኑን ጠይቁ። ካርቦን ያለው ርካሽ ነው፣ ግን ካርቦኑ ያልቃል፣ ለመቀየርም ጣሪያ ላይ መውጣት ነው። ፓኔሉንም በበጋ በወር አንዴ ጥረጉት፤ የመንገድ ዳር አቧራ ቀልድ አይደለም።

የሚሽከረከረው ደግሞ ሕመሙ ኩሽኔታው፣ ማለትም የሚዞርበት ብረት ነው። ክፍት ከሆነ አቧራ ይበላዋል፣ ከዚያ መጮህ ይጀምራል። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ከራስ በላይ ሲያንቋርር መስማት ምን እንደሚመስል የአዳማውን ዘበኛ ጠይቁት። የታሸገ ኩሽኔታ ያለውን፣ ከተገኘም አሉሚኒየም የሆነውን ውሰዱ፤ ቀላል ስለሆነ በትንሽ ንፋስ ይነሳል።

አሁን የሁለቱም የጋራ ጠላት፦ ዝናብ። የኔን ሶላር የገጠመው ባለሙያ ቆርቆሮውን ቀዶ፣ መቀመጫውን ከላይ ደፍቶ፣ ዙሪያውን ሲሊኮን ቀብቶ ሄደ። ግንቦት ላይ ሸጋ ነበር። ሐምሌ ላይ አንድ ሙሉ ጥቅል ገበርዲን በስብሶ አገኘሁት። ትክክለኛው አገጣጠም የመቀመጫው የላይኛው ጠርዝ ከላይኛው ቆርቆሮ ወይም ከኮልሞው ስር እንዲገባ ነው፤ ውሃው ከላይ መጥቶ በላዩ ያልፋል እንጂ ከስሩ አይገባም። ሲሊኮን ለማጠናከሪያ ነው። ሠራተኛው «በሲሊኮን እዘጋዋለሁ» ካላችሁ ሌላ ፈልጉ። ቦታውም ወደ አናት የቀረበ ይሁን፣ ሙቀቱ የሚሰበሰበው እዚያ ነው።

ሌላ የምታዘበው ስህተት ኮርኒስ ያለው ቤት ላይ ነው። ዕቃውን ጣሪያው ላይ ገጥማችሁ ኮርኒሱ ድፍን ከሆነ፣ የሚወጣው ከኮርኒስ በላይ ያለው አየር ብቻ ነው። ያ መጥፎ አይደለም፣ ኮርኒሱ እንደ ምድጃ እንዳይግል ይረዳል፤ ለዚህም ከአሸንዳው ስር መግቢያ ክፍተት ይፈልጋል። የክፍሉ ሽታና መታፈን ግን ፈቅ አይልም። ክፍሉን ማናፈስ ከፈለጋችሁ ኮርኒሱም መከፈት አለበት። የትኛውን እንደፈለጋችሁ ከመቅደዳችሁ በፊት ወስኑ።

እና ከሁለቱም የኤሲ ሥራ አትጠብቁ። ከውጪው አየር በታች ማቀዝቀዝ አይችሉም። ቆርቆሮው በጨረር የሚያወርደውን ግለትም አያቆሙም፤ ለዚያ ጣሪያውን ነጭ ቀለም መቀባት ወይም ኮርኒስ ላይ የሙቀት መከላከያ ማንጠፍ ይሻላል። ከሰል በምታነዱበት ቤት ደግሞ በእነዚህ ተማምናችሁ በርና መስኮት እንዳትዘጉ። መግቢያ በሌለው ቤት ውስጥ ጠንካራ ፋን የማድቤቱን ጭስ መልሶ ወደ መኝታ ቤት ሊስበው ይችላል።

እኔ ብጠየቅ እንዲህ እላለሁ። ንፋስ የሚደርሰው መጋዘን፣ የዶሮ ቤት፣ ጋራዥ፣ የሚሽከረከረውን። በሕንጻ የተከበበ፣ ቀን ቀን ብቻ የሚሠራበት ሱቅ ወይም ቢሮ፣ ሶላሩን። ገና እየተሠራ ያለ ቤት፣ ኮልሞውን ከፍ አድርጉና ገንዘባችሁን ያዙ። ሰው የሚተኛበት ቤት ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ከግርጌና ከአናት ቀዳዳ አውጡ፣ አንድ ወቅት እዩት፣ ካልበቃ ጨምሩ።

ሱቅ ስትሄዱ ዝም ብላችሁ ካርቶን ተሸክማችሁ አትውጡ። የሚሽከረከረውን አንዴ በጣት ገፋ አድርጉት፤ ያለ ድምፅ ረጅም ጊዜ ዞሮ ቀስ ብሎ ነው መቆም ያለበት። አንዴ ነቅነቅ ብሎ ቀጥ ካለ ኩሽኔታው ከአሁኑ ደክሟል። ሶላሩን ደግሞ ከሱቁ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አስነሱት፣ ከዚያ የፓኔሉን ግማሽ በመዳፋችሁ ሸፍኑት። መቀዝቀዙ ያለ ነው። ሻጩ «ኧረ ይሄ ደመናም አይበግረው» ሲል ከነበረና እጃችሁን ስታሳርፉበት ድርግም ካለ፣ ዋጋውን እንደገና ተነጋገሩ።