የእጅ ሰዓት ወይስ የደረት መቀነት? የልብ ምት ለሚያነብ አስፈሪ ጨዋታ የቱን እንግዛ

ባለፉት ሁለት ወራት አምስት ሰዎች ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። የመጨረሻው የታናሽ ወንድሜ ጓደኛ ነበር፤ አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን «ኔቨርማይንድን ለመጫወት ሰዓቱን ልግዛ ወይስ ደረት ላይ የሚታሰረውን?» አለኝ። መልሴ ያው ነው፤ የደረቱን። ገንዘቡ ካልሞላላችሁ ርካሽ ሰዓት ከመግዛት መታገሥ ይሻላል፤ ጨዋታው ያለ ሴንሰርም ይሠራል።

ለማታውቁት፣ ኔቨርማይንድ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ክፉ ነገር ደርሶባቸው ጠባሳው ያለቀቃቸው ሰዎች አእምሮ ውስጥ ያስገባችኋል። ልባችሁ ሲሸበር ጨዋታው ይከፋል፣ ስትረጋጉ ይለዝባል። አንድ ወጥ ቤት አለ፤ በፈራችሁ መጠን ወተት ክፍሉን እየሞላው ይሄዳል። ሴንሰሩ ከዋሸ ታዲያ ወተቱ በማን ፍርሃት እንደሚሞላ አይታወቅም።

የመጀመሪያውን ሰዓት መርካቶ በ2,200 ብር ገዛሁ። ከጀርባው አረንጓዴ መብራት አለው፤ ካርቶኑ ላይ ትልቅ የልብ ሥዕል አለ። በዚያው ሌሊት ደንግጬ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ እየደለቀ ሰዓቱ 74 ይላል። በማግስቱ ቡና ተፈልቶ ጀበናው ማቶቱ ላይ እንደተቀመጠ ሰዓቱን አንገቱ ላይ አሰርኩት። 78 አለ። ትንሽ ቆይቶ 81። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰዓት ይዞ ቢመጣ መጀመሪያ የምሞክረው በጀበና ነው። ደግሞም ያ ሰዓት ቁጥሩን ለራሱ የስልክ መተግበሪያ እንጂ ለኮምፒውተር አይልክም፤ ሻጩ ይህን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ሁለተኛውን ሜክሲኮ አካባቢ በ3,500 ብር ገዛሁ። እሱስ ጀበናው ላይ ዝም አለ፤ ችግሩ መዘግየቱ ነው። ሰዓት የደም ፍሰትን በብርሃን እየተከተለ የብዙ ሰከንድ አማካይ ነው የሚሰጠው። የኮምፒውተሩን ማውስ በያዘው እጄ ካሰርኩት ደግሞ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ንባቡ ይበላሻል። ድንጋጤው ካለፈ በኋላ ቁጥሩ ሲወጣ ለአስፈሪ ጨዋታ ምን ይረባል? ሁለቱ ሰዓቶች ተደምረው 5,700 ብር በሉብኝ።

ኦርጅናል ውድ ሰዓት ካላችሁ ሌላ ነገር ነው። ጋርሚን ከሆነ የልብ ምቱን ወደ ሌላ ዕቃ የሚልክ ማሰራጫ እንዳለው ፈልጉ፤ ካለው አዲስ ዕቃ አያስፈልጋችሁም ይሆናል። ለጨዋታ ብላችሁ ግን እንዲህ ያለ ሰዓት አትግዙ።

ካሜራስ? ጨዋታው በኋላ በተደረገለት ማሻሻያ በተራ ካሜራ የፊት ገጽታን እንዲያነብ ተደርጓል። ወጪ የለውም። ነገር ግን ካሜራ ብርሃን ይፈልጋል፣ አስፈሪ ጨዋታ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ነው የሚጣፍጠው።

የደረት መቀነት የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ነው የሚያነበው፤ ሐኪም ቤት ለልብ ምርመራ ደረት ላይ እንደሚለጠፈው ማለት ነው። ፍጥነቱም ከዚህ ይመጣል። ከሁሉም የሚመሰገነው ፖላር ኤች 10 ነው፤ ስታዲየም አካባቢ 21,000 ብር ጠሩብኝ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ ዋጋውም አብሮ ሄዷል። ለጨዋታ ያን ያህል አያስፈልግም። እኔ ኩስፖ የሚባለውን በ6,400 ብር፣ አንት ፕላስ የሚባለውን ገመድ አልባ ምልክት ለኮምፒውተሩ የሚቀበለውን፣ በዩኤስቢ የሚሰካውን ዕቃ ደግሞ በ1,800 ብር ገዛሁ። በድምሩ 8,200። ለሰዓቶቹ የከሰከስኩትን ብይዝ ኖሮ የቀረኝ 2,500 ብቻ ነበር። ስትገዙ ብሉቱዝና አንት ፕላስ ሁለቱንም የሚያሰራጭ ምረጡ፤ ጨዋታው የሚቀበላቸውን ዕቃዎች ዝርዝርም ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እዩ።

በመቀነቱ የተጫወትኩበት የመጀመሪያ ሌሊት ቁጥሩ ከ82 ተነሥቶ 119 ደረሰ፤ ወተቱም ከፍ አለ። ዓይኔን ጨፍኜ ቀስ ብዬ ስተነፍስ ወረደ። ያኔ ነው ጨዋታውን በእርግጥ የተጫወትኩት።

አሁን ስለ ባትሪ፤ ይህን ሳትዘልሉ አንብቡ። የአጎቴ ልጅ ከውጭ የመጣለት ፖላር ኤች 10 ነበረው። ባትሪው ሲአር 2025 ነው። ፒያሳ አብረን ሄድን፤ ሻጩ 2032 አወጣና «እህቴ፣ ሁለቱም 3 ቮልት ናቸው፣ ልዩነት የላቸውም» አለኝ። ቮልቱ እውነት ነው፣ ስፋታቸውም እኩል 20 ሚሊሜትር ነው። ውፍረታቸው ግን 2.5 እና 3.2 ነው። ልጁ የባትሪውን ክዳን በጉልበት ሲጫነው የክዳኑ ጥርስ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሦስት ጠጋኞች ጋር ሄድን፤ ክዳን የሚሸጥ የለም። በፕላስተር አሽጎ ሁለት ሳምንት ተጠቀመበት፣ ከዚያ ላብ ገባበትና ሞተ። ለ0.7 ሚሊሜትር ነው ያ ሁሉ ገንዘብ የጠፋው።

የእናንተው እንዲቆይ ከተጫወታችሁ በኋላ ባትሪ ያለበትን ሴንሰር ከመቀነቱ ነቅላችሁ አስቀምጡ፤ እርጥብ መቀነት ላይ እንደተሰካ ካደረ የለበሳችሁት መስሎት ባትሪውን ይጨርሳል። መቀነቱን በውኃ እጠቡት፣ የላብ ጨው ያደርቀዋል። ከማሰራችሁ በፊትም ደረታችሁን የሚነካውን ክፍል አርጥቡት።

ፎርጅድ መቀነትም ገበያ ላይ አለ፤ እንዳትሸወዱ ሱቅ ውስጥ ልብስ ማውለቅ አያስፈልጋችሁም። ብሉቱዝ ሴንሰር የሚያነብ ነጻ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ሂዱ። ሁለቱን አውራ ጣቶቻችሁን በውኃ አርሳችሁ ከመቀነቱ ውስጠኛ ገጽ ግራና ቀኝ ያሉትን ጥቁር ንጣፎች ያዙ፤ ቁጥሩ ይመጣል። ስትለቁት መጥፋት አለበት። ከዚያ የሕንጻውን ደረጃ ሁለት ፎቅ ያህል በሩጫ ወጥታችሁ ተመለሱና እንደገና ያዙት። ከ75 ወደ 110 አካባቢ ከዘለለ ክፈሉ።