ሜገር የማያየውን ማየት፦ ሰርጅ ቴስተር ከወራት ሥራ በኋላ

አዲስ የተጠቀለለ ሞተር በሜገር፣ ማለትም የሽቦውን መከለያ በሚለካው መሣሪያ፣ ሲለካ ጥሩ ቁጥር ይሰጣል። ቫርኒሽ ይጠጣል፣ ኦቨን ይገባል፣ ይገጣጠማል። ደንበኛው ወስዶ ሲያስነሳው ግን ብሬከር ይጥላል፤ ወይ ጥቂት ቀን ሠርቶ ይጨሳል። ጥቅለላ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሰርጅ ቴስተር፣ ማለትም ኮይሉን በአጭርና ከፍተኛ የቮልት ምት የሚፈትን መሣሪያ፣ የገዛሁት ለዚህ ነው። ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሠርቼበታለሁ። ለመግዛት ለምታስቡ የሚጠቅም ነገር አይቻለሁና ልጻፈው።

ሱቄ አቃቂ አካባቢ ነው። የሚመጣልኝ ሥራ በአብዛኛው የወፍጮ ሞተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ ኮምፕረሰርና የፋብሪካ ማራገቢያ ነው። አብዛኛው 380 ቮልት፣ ሦስት ፌዝ ነው። የገዛሁት መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ስክሪን ያለው፣ እስከ 5,000 ቮልት የሚሰጥ ነው። ብራንዱን አልጠቅስም። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በተለያየ ስም ይሸጣሉ፤ የውስጥ አሠራራቸውም ተቀራራቢ ነው። የምለው ለአንዱ ስም ብቻ ሳይሆን ለዓይነቱ ይሆናል።

መጀመሪያ ሜገርን እንመልከት። ሜገር የሚለካው በሽቦውና በቦዲው መካከል ያለውን ኢንሱሌሽን (መከለያ) ነው። ፌዞቹ ከተለያዩ በፌዝና በፌዝ መካከል ያለውንም ይለካል። ለ380 ቮልት ሞተር 500 ቮልት ዲሲ እንሰጠዋለን፣ እሱ ሜጋኦም ይነግረናል። የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር የሆነው የአይ ትሪፕል ኢ 43ኛ መመሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ ዝቅተኛ ቮልት ሞተር በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያንስ 5 ሜጋኦም ይጠይቃል። አዲስ ጥቅለላ ከዚህ እጅግ የላቀ ካልሰጠ ከሱቄ አይወጣም። ነገር ግን በአንድ ኮይል ውስጥ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ዙሮች ቢነካኩ ሜገር አያውቅም። ሁለቱም የአንዱ ሽቦ አካል ናቸው። ሜገሩ ሽቦውን በሙሉ እኩል ቮልት ላይ ስለሚያስቀምጠው በዙርና በዙር መካከል ምንም ልዩነት አይፈጠርም። ኦም መለካትም እምብዛም አይረዳም። ከብዙ ዙር ውስጥ አንዱ ሾርት ቢሆን የሚቀንሰው ኦም በጣም ትንሽ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ሽቦዎቹ ገና ላይነካኩ ይችላሉ። ስሎት (ሽቦው የሚገባበት የብረት ቦይ) ውስጥ ሲገፉ ኢናሜሉ (የሽቦው ቀለም መሰል መከለያ) ተፍቆ፣ በመካከላቸው እጅግ ቀጭን አየር ብቻ ቀርቶ ይሆናል። አየር ክፍተቱ ምንም ያህል ቢጠብ፣ ብልጭታ እንዲዘልበት ወደ 330 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ይህን ያሳየው ሕግ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፓሸን በ1889 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ሙልቲሜትርም ሆነ ኤልሲአር ሜትር (የኮይልና የካፓሲተር መለኪያ) የሚሰጡት ጥቂት ቮልት ብቻ ነው። በዚያ ቮልት የተፋቀው ሽቦ ጤነኛ ይመስላል። ሞተሩ መስመር ላይ ሲገባና ኮንታክተሩ (ሞተሩን የሚያስነሳው ማብሪያ) ሲዘጋ ግን የሚመጣው ሹል ቮልት ያችን ክፍተት ይዘልላታል። አንዴ ከዘለለ በኋላ ሾርት የሆነው ዙር በራሱ ውስጥ ከባድ ከረንት ያዞራል፣ ይግላል፣ ጎረቤቱን ያቃጥላል። ስታተሩን (ጥቅለላው ያለበትን የማይዞር ክፍል) ስንፈታ የምናየው ጥቁር ኮይል መጨረሻው ነው እንጂ መነሻው አይደለም።

ሰርጅ ቴስተር የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሰርኪዩቱ ለመረዳት አይከብድም። ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጭ ክፍል አንድ ካፓሲተር በዲሲ ይሞላል። የተሞላው ካፓሲተር በታይሪስተር ወይም በአይጂቢቲ (ፈጣን የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያዎች) በኩል ባንዴ ወደ ኮይሉ ይለቀቃል። ቮልቱ ከማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ ጫፉ ይወጣል። ፍጥነቱ ራሱ ሥራ አለው። በዝግታ የሚወጣ ቮልት በኮይሉ ሁሉ እኩል ይከፋፈላል። እንዲህ በፍጥነት የሚወጣው ግን መግቢያው ላይ ባሉት የመጀመሪያ ዙሮች ላይ ይከመራል። ስለዚህ በዙርና በዙር መካከል እውነተኛ የቮልት ልዩነት ይፈጠራል።

ከዚያ ኃይሉ በካፓሲተሩና በኮይሉ መካከል እየተመላለሰ ይደክማል። ስክሪኑ ላይ እያነሰ የሚሄድ ሞገድ ይታያል። የሞገዱን ፍጥነት የሚወስኑት የካፓሲተሩ መጠንና የኮይሉ ኢንዳክታንስ (የከረንትን ለውጥ የመቃወም ባሕርዩ) ናቸው። ካፓሲተሩ ያው ነው። ሞገዱ ከተለወጠ የተለወጠው ኮይሉ ነው ማለት ነው። ዙር ሾርት ሲያደርግ ኢንዳክታንሱ ይወርዳል፣ ሞገዱ ይፈጥናል። የማሲንቆ ጭራ በጣት ሲጫን ድምፁ እንደሚቀጥነው ነው። ስክሪኑ ላይ ሞገዱ ወደ ግራ ይሰበሰባል። ሦስቱን ፌዝ ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ትለካላችሁ፤ ሦስቱን ሞገድ አንዱን በአንዱ ላይ ትደርባላችሁ። ጤነኛ ሞተር ላይ ሦስቱ አንድ መስመር ይመስላሉ።

ስንት ቮልት? በሙያው የተለመደው ስሌት የሞተሩ ቮልት ሁለት ጊዜ ተባዝቶ 1,000 ሲደመርበት ነው። ለ380 ቮልት ሞተር 1,760 ቮልት ይሆናል። ይህን የምሰጠው ለአዲስ ጥቅለላ ነው። አገልግሎት ላይ ለቆየ ሞተር ሦስት አራተኛውን፣ 1,320 ቮልት እሰጣለሁ። ደግሞ ባንዴ አልዘልም። ከ500 እጀምርና በዝግታ እወጣለሁ፤ ዓይኔ ሞገዱ ላይ ነው። ቮልቱ ሲጨምር ሞገዱ በቁመት ብቻ ካደገ ደህና ነው። የሆነ ቮልት ላይ ደርሶ ድንገት ወደ ግራ ከዘለለ ወይም ከተንቀጠቀጠ እዚያው አቆማለሁ። የዘለለበት ቮልት ይጻፋል።

ብዙ ባለሙያ “ይህን ያህል ቮልት ሰጥተህ ጤነኛውን ሞተር አትሰብረውም ወይ?” ይለኛል። ተገቢ ስጋት ነው። መልሱ ያለው ኃይሉ መጠን ላይ ነው። ለምሳሌ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ1,760 ቮልት ሲሞላ የሚይዘው 0.15 ጁል ገደማ ነው። ጤነኛ ኢናሜል ይህን አይፈራም። ሊሰበር የደረሰው ቢሰበር ደግሞ እኔ ጠረጴዛ ላይ ቢሰበር ይሻላል፤ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ እህል ተራ እየጠበቀ ከሚሰበር። እኛ ጋ አንድ የሚጨመር ነገር አለ። ሱቄ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ሞተሮች በመደበኛ ደረጃቸው የሚታሰቡት እስከ 1,000 ሜትር ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዣው ይደክማል፤ ሰፋ ያለ የአየር ክፍተትም በአነስተኛ ቮልት ይዘለላል። ስለዚህ ቆላ የሚሠራ ሞተር ደጋ ላይ ሲፈተን ፈተናው በጥቂቱ ይጠብቅበታል። ከስሌቱ በላይ መጨመር የማልወደው ለዚህ ነው።

መሣሪያው ትልቁን ለውጥ ያመጣልኝ በሥራ ቅደም ተከተል ላይ ነው። አሁን ማንኛውም ስታተር ቫርኒሽ ከመንካቱ በፊት ሰርጅ ይደረጋል። ቫርኒሽ ከደረቀ በኋላ ጥፋት ብታገኙ ምርጫችሁ አንድ ነው፤ ቆርጦ አውጥቶ እንደገና መጠቅለል። መዳቡ፣ ወረቀቱ፣ የልጆቹ ድካም፣ ሁሉም ይሄዳል። ቫርኒሽ ሳይነካው ግን ኮይሉ ገና ለስላሳ ነው። አንድ የ15 ኪሎዋት የወፍጮ ሞተር ላይ ያየሁት ይህን በደንብ ያሳያል። በሜገር ንጹሕ ነበር። ኦሙ በሦስቱም ፌዝ እኩል ነበር። ሰርጁ 1,400 ቮልት አካባቢ ሲደርስ አንደኛው ሞገድ ወደ ግራ ዘለለ፤ ቀጠን ያለ የጠቅታ ድምፅም ተሰማ። መብራት አጥፍተን፣ ራቅ ብለን ቆመን ደግመን ስንሰጠው ከስሎት በወጣው የኮይል ጫፍ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ አየን። ሁለት ሽቦ የሚተላለፉበት ቦታ ላይ ስሊቩ (ሽቦውን የሚሸፍነው የመከለያ ቱቦ) ተንሸራቶ ነበር። አዲስ ስሊቭ ገባ፣ ክሩ ተጠበቀ፣ 1,760 ያለ ችግር አለፈ። ያ ሞተር እስካሁን እየፈጨ ነው።

ሞገድ ማንበብ ግን ልምድ ይፈልጋል፤ የመሣሪያው “አልፏል” እና “ወድቋል” የሚል ፍርድ ብቻውን አይበቃም። ሮተሩ (የሚዞረው ክፍል) ውስጥ ካለ ሦስቱ ሞገዶች በሮተሩ አቀማመጥ ምክንያት ሊለያዩ ይችላሉ። ሻፍቱን በእጅ በዝግታ ስታዞሩት ሞገዱ አብሮ ከሄደ ጥፋቱ የኮይል አይደለም። ኮንሰንትሪክ ጥቅለላ (ኮይሎቹ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚቀመጡበት) ላይም አንዱ ፌዝ ከሌሎቹ ጥቂት ፈቀቅ ሊል ይችላል፤ ኮይሎቹ በቅርጽ ስለሚለያዩ ነው። ልዩነቱ ከ500 ቮልት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ያው ከሆነ የአሠራር ልዩነት፣ የአገናኝ ስህተት ወይም ከመጀመሪያው ሾርት የሆነ ዙር ሊሆን ይችላል። ያኔ ዙርና ግንኙነት ይቆጠራል። ልዩነቱ በቮልት መጨመር ብቻ ከመጣ የኢንሱሌሽን ጥፋት ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ከመሣሪያው ዋጋ ግማሹ ነው እላለሁ።

በኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ለሚሠሩ ሞተሮች ደግሞ ይበልጥ ወድጄዋለሁ። የ380 ቮልት ኢንቨርተር ውስጡ ያለው ዲሲ ወደ 537 ቮልት ይደርሳል። ገመዱ ረጅም ሲሆን ምቱ ሞተሩ ላይ ተንጸባርቆ እስከ እጥፍ፣ 1,070 ቮልት ገደማ ሊወጣ ይችላል። ይህ በሰከንድ በሺዎች ጊዜ የሚደጋገም ነው። በመስኖ ፓምፖች ላይ በተደጋጋሚ የማየው የመግቢያ ዙሮች መቃጠል ከዚህ ጋር ይስማማል። እንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር ከ1,000 ቮልት በታች ከዘለለ ለባለቤቱ በግልጽ እነግረዋለሁ፤ ኢንቨርተር ላይ አይመለስ።

ያልወደድኩት ነገር አለ። አብረውት የመጡት ክሊፖች ደካማ ናቸው፤ አፋቸው ቶሎ ላላ፣ በሌላ ቀይሬያቸዋለሁ። ገመዱን ስትቀይሩ ሦስቱም ርዝመታቸው እኩል ይሁን። የገመድ ልዩነት ራሱ ሞገዱን ያዛባል። መመሪያው በደካማ እንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ ልጆቹ ከእሱ ብዙ አልተማሩም። መብራት ሲዋዥቅ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል፤ በስታቢላይዘር ነው የማሠራው። ስክሪኑ በር ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ አይነበብም። የሸጠልኝ ቤት ካሊብሬሽን እንደሚያደርግ ነግሮኝ ነበር፤ በኋላ ስጠይቅ የሚሠራው ሰው የለም ተባልኩ። ከመክፈላችሁ በፊት ይህን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ደኅንነት ላይ አጥብቄ ልናገር። ይህ ቮልት ይገድላል። ማሽኑን ከማስነሳቴ በፊት ለሱቁ የራሱ የኧርዝ ዘንግ አስቀበርኩ። የስታተሩ ቦዲ ሁልጊዜ ከኧርዝ ጋር ይታሰራል። ምቱን የሚሰጠው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ከጠረጴዛው ይርቃል። ከፈተናው በኋላ ኮይሉ ኧርዝ ሳይደረግ እጅ አይነካውም። ሜገርም ቢሆን ኮይሉን ሞልቶ ይተወዋል፤ መመሪያው ከተሞላበት ጊዜ ቢያንስ አራት እጥፍ ኧርዝ ተደርጎ ይቆይ ይላል። በሜገር የወደቀ ወይም እርጥብ ሞተር ላይ ሰርጅ አይሰጥም፤ አስቀድሞ ይደረቃል። ኢንቨርተሩም ሆነ ማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ ከሞተሩ መነቀል አለበት።

ለማን ይሆናል? ቤት ለቤት ለሚሠራ ኤሌክትሪሺያን አይደለም፤ ጥሩ ሜገር ይበቃዋል። ሜገር የሌለው ጥቅለላ ቤትም መጀመሪያ ሜገር ይግዛ፤ ሰርጅ ቴስተር እርጥበትን አያሳይም፣ ሜገርን አይተካም። ሜገር ኖሮት በየሳምንቱ ሞተር የሚጠቀልል ግን ቢገዛ ያዋጣዋል። ዋጋው ከብዶት ከሆነ ጎረቤት ሱቆች ተጋርተው ቢገዙ ጥሩ ነው፤ ስታተር ተሸክሞ መጥቶ መፈተን ይቻላል። ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ስታተር ይዛችሁ ሂዱ። የአንዱን ኮይል ሁለት ዙሮች ጫፍ ላይ ፍቃችሁ በቀጭን ሽቦ አገናኟቸው፤ ከዚያ ሻጩ ሦስቱን ሞገድ ደርቦ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። አንደኛው ወደ ግራ ካልሄደ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።