«1050 ቲአይ» ግራፊክስ ካርድ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ከኋላው ሰማያዊ የቪጂኤ ቀዳዳ (የድሮ ሞኒተር ገመድ የሚሰካበት) ያለው ካርድ አውጥቶ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው» የሚላችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ መልሱለትና ውጡ። ዋናው መልእክቴ ይኸው ነው። የቀረውን የምጽፈው ንዴቱ ስላልወጣልኝ ነው።

ሻጩን ታውቁታላችሁ፣ ስሙን መጥራት አያስፈልገኝም። ገና በር ላይ «ወንድሜ ምን ልታዘዝ» የሚለው፣ መስታወቱ ውስጥ ባለቀለም መብራት ያላቸውን ፋኖች ደርድሮ የሚያብለጨልጨው፣ «ኦሪጅናል ነው?» ስትሉት የተሰደበ ያህል ፊቱን የሚያጠቁረው። ካርዱ ያለበትን ካርቶንም ታውቁታላችሁ። ላዩ አረንጓዴ ነው፣ የሆነ ዘንዶ ተስሎበታል፣ ስለ ፍጥነት ብዙ ተጽፎበታል፣ ቦርዱን የሠራው ድርጅት ማን እንደሆነ ግን አንድም ቦታ ላይ አታገኙም። «በጅምላ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚታሸገው» ይባላል። ይህን ወግ ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ፕሮግራሜን በፍላሽ ይዤ የሄድኩትም ለዚሁ ነበር።

ኤንቪዲያ የሚባለው ድርጅት 2016 ላይ ያወጣው ካርድ ዛሬ ምን ያደርግልሃል የሚለኝ አይጠፋም። የኔ ኮምፒውተር ከቢሮ ተርፎ የተሸጠ ጠባብ ዴስክቶፕ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ደካማ ነው፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ ስድስት ፒን ገመድ የለውም። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ይዞ ጌም መጫወት ለሚፈልግ ሰው ምርጫው ጠባብ ነው። 1050 ቲአይ የሚፈጀው 75 ዋት ስለሆነ ከማዘርቦርዱ የሚያገኘው ኃይል ይበቃዋል። 768 ኮር (ስሌቱን የሚሠሩ ትናንሽ ክፍሎች) አለው፣ 4 ጊጋባይት ጂዲዲአር5 ሜሞሪ አለው፣ ዱም ኢተርናል በዝቅተኛ መስፈርቱ ላይ በስም ከጠራቸው ካርዶችም አንዱ ነው። እኔ ደግሞ ያን ጌም ስመኝ ኖሬያለሁ። ራም ጨምሬ፣ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ተክቼ፣ የዓመታት አቧራውን በብሩሽ ጠርጌ፣ የቀረኝ ካርዱ ብቻ ነበር። እንደኔ ዓይነቱ ገዢ ብዙ እንደሆነና ሱቅ ሲገባ የትኛውን ስም እንደሚጠራ አጭበርባሪዎቹ ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ፍላሹ ላይ የነበረው ጂፒዩ-ዚ ነው። ትንሽ ፕሮግራም ናት፣ መጫን ሳያስፈልጋት ትከፈታለች፣ ካርዱ ላይ ያለውን ቺፕ አንብባ ትነግራችኋለች። የሱቁ ቴክኒሻን ፍላሹን ገና ሲያይ በእጁ ከለከለኝ። «የደንበኛ ፍላሽ አንሰካም፣ ቫይረስ ያመጣብናል።» ይህን የሚለኝ ቀኑን ሙሉ የሰው ሃርድ ዲስክ ሲሰካና ሲነቅል የሚውል ሰው ነው። እሺ አውርደህ ክፈትልኝ አልኩት። «ዛሬ ኔትወርክ የለም።» ከዚያ ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝርበትን ዲቫይስ ማናጀርን ከፈተና «ኤንቪዲያ ጂፎርስ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» የሚለውን መስመር በማውዙ ቀስት ዙሪያውን ከበበልኝ። ዲኤክስዲያግ የሚባለውን የዊንዶውስ መመርመሪያም ከፍቶ ሜሞሪውን አሳየኝ፤ 4 ጊጋባይት። አንድ የቆየ የመኪና ውድድር ጌም አስነስቶ ትንሽ ነዳልኝ፣ ሠራ። ካርቶኑን እያሸገልኝ ሳለ «ድራይቨሩን ግን እንዳታዘምነው፣ የሚሠራለት በዚህ ሲዲ ላይ ያለው ነው» አለኝ። ድራይቨር ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ሶፍትዌር ነው፤ ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ቤት ገብቼ ዱም ኢተርናልን ስከፍት ጌሙ ቩልካንን የሚደግፍ ካርድ አላገኘሁም ብሎ ተዘጋ። ቩልካን ጌም ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ሶፍትዌር ነው፤ ይህ ጌም የሚሄደው በእሱ ብቻ ነው፣ እውነተኛው 1050 ቲአይ ደግሞ ቩልካንን አሳምሮ ይደግፋል። ሌላ ጌም ሞከርኩ። ሜኑው ይመጣል፣ ካርታው መጫን ሲጀምር ስክሪኑ በአረንጓዴና በሐምራዊ ካሬዎች ይሞላና ኮምፒውተሩ ይደርቃል። ሱቁ ጋ ደወልኩ። «ፓወር ሰፕላይህ ነው፣ ና ጥሩ አለን እንቀይርልህ» አሉኝ። እኔም ያንን አሮጌ ኮምፒውተር ስጠረጥረው አመሸሁ። ራሙን በሜምቴስት ፈተሽኩ፣ ንጹሕ ነው። ካርዱን ነቅዬ እግሮቹን አጽድቼ መለስኩት። ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫንኩ። በመጨረሻ ከኤንቪዲያ ገጽ አዲሱን ድራይቨር አውርጄ ስጭን ሰማያዊው ስክሪን መጣ፣ ከዚያ ወዲያ በሴፍ ሞድ ካልሆነ አልነሳም አለ። ድራይቨሩን አጥፍቼ የሲዲውን መለስኩና ጂፒዩ-ዚን ከፈትኩ።

የኤንቪዲያ ዓርማ በሚወጣበት ቦታ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ከነቃለ አጋኖው ተቀምጧል። ከካርዱ ስም ፊት በቅንፍ «ፌክ» ይላል። የቺፑ ስም፦ ጂኤፍ108።

ጂኤፍ108 በ2010 የወጣው ጂቲ 430 የተሠራበት ቺፕ ነው። 96 ኮር አለው፣ ማለትም ከከፈልኩበት ስምንት አንዱን። የተሠራው በ40 ናኖሜትር ነው፣ እውነተኛው 1050 ቲአይ በ14 (ቁጥሩ ሲያንስ ነው አዲሱ)። አሠራሩ ደግሞ ምንም ጥበብ የለውም። ካርዱ ላይ ባዮሱ (የካርዱ መነሻ ፕሮግራም) የሚቀመጥባት ትንሽ ሜሞሪ አለች፤ እሷ ላይ ያለውን ስም፣ መለያ ቁጥርና የሜሞሪ መጠን አጥፍተው የሚሸጠውን ይጽፉባታል። ዊንዶውስ ካርዱ ስለ ራሱ የሚናገረውን ተቀብሎ ያሳያል፣ ገብቶ ኮር አይቆጥርም። ጌሙም 4 ጊጋባይት አለኝ ሲለው ያምነዋል፣ እውነተኛው ሜሞሪ ሲያልቅ ያ የካሬ ዝናብ ይወርዳል። አዲስ ድራይቨር ሲመጣ ደግሞ ስሙን አይቶ እንደ ፓስካል (የ1050 ቲአይ ትውልድ) ቺፕ ሊያዘው ይነሳል፣ ከሥር የሚያገኘው ፌርሚ (የጂቲ 430 ትውልድ) ነው፣ ኮምፒውተሩ እዚያው ይወድቃል። ለፌርሚ ካርዶች አዳዲስ የጌም ድራይቨር መውጣት ያቆመው በ2018 ነው፤ ቩልካን የሚባል ነገርማ ከመጀመሪያውም አልነበራቸውም። ሲዲው የተሰጠኝ፣ አታዘምን የተባልኩትም ለዚህ ነው። እንግዲህ ሲያሽግልኝ የሚያሽገው ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ይህን ግን ያኔ ገና እርግጠኛ አልነበርኩም።

ኬዙን ተሸክሜ ሄድኩ። በነሱ ኮምፒውተር አልከራከርም ብዬ፣ ካርዱ እንደተሰካ፣ አቅፌው። ከሞኒተራቸው ጋር አገናኘሁት፣ ጂፒዩ-ዚን ከፈትኩ፣ ስክሪኑን ወደ ቴክኒሻኑ አዞርኩለትና ዝም አልኩ።

ጎንበስ ብሎ አነበበው። አነበበው የምለው በግምት አይደለም፤ ዓይኑ ከቢጫው ምልክት ወደ ስሙ፣ ከስሙ ወደ ጂኤፍ108 ሲወርድ ከአጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ከንፈሩን ነከስ አደረገ። «ይቅርታ፣ ከአቅራቢው ተሳስቶ መጥቶ ነው» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲያ ቢል ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ማውዙን ከእጄ ወሰደ። ቀስቱን ሳይቸኩል ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ ወስዶ ኤክሷን ተጫነ። መስኮቱ ተዘጋ። ከዚያ ዲቫይስ ማናጀርን ከፈተና ያንኑ መስመር እንደ መጀመሪያው ቀን ዙሪያውን ከበበልኝ።

«ይኸው፣ 1050 ቲአይ። ምንድን ነው የጠፋብህ?»

«አሁን የዘጋኸው ምን ይላል?»

«እሱ ከኢንተርኔት የወረደ ነው፣ ማንም ይሠራዋል። ይሄ ዊንዶውስ ነው። ከማይክሮሶፍትና ካንተ ፍላሽ ማንን ልመን ብሮ?»

አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም። የማያውቅ ሰው ቢሆን «ይሄ ቢጫ ምንድን ነው?» ብሎ በጠየቀኝ። እሱ ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው ለመዝጋት የተጣደፈው። መልሼ ከፈትኩት። መልሶ ዘጋው፣ አሁን ፈገግ እያለ፣ ከጎኔ ወደቆመው ደንበኛ እያየ። ገንዘቤን እዚያው ረሳሁት። ደሜን ያፈላችው ያቺ ፈገግታ ናት።

ጭቅጭቁን ሰምተው ባለቤቱ ከውስጥ ወጡ። ትልቅ ሰው ስለሆኑ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው፦ «ጋሼ፣ የዚህ ካርድ ስም ተቀይሯል፣ ቺፑ የ2010 ነው። ይኸው ይመልከቱት፣ ቪጂኤ አለው። ኤንቪዲያ 1050 ቲአይ ካለበት ከ10 ተከታታይ ጀምሮ ቪጂኤ የሚሠራበትን አናሎግ ማውጫ ከቺፑ ላይ አንስቷል፣ ይህ ቀዳዳ እዚህ ምን ይሠራል?» እስክጨርስ አዳመጡኝ። ከዚያ ዞረው ቴክኒሻኑን «ይበራል?» አሉት። «ይበራል።» «ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚለው?» እኔ ፊታቸው ቆሜ።

ቀጥለው ወደኔ መለስ አሉ። «ልጄ፣ ጌም ስትጫወትበት አቃጥለኸው ይሆናል። ጌም ዕቃ ይጨርሳል።» እንግዲህ 768 የነበረው ኮር በአንድ ምሽት ተቃጥሎ 96 ቀረ፣ ቺፑም በሙቀቱ ደንግጦ ስሙን ቀየረ ማለት ነው! ደግሞ ያልተነሳ ጌም ነው ያቃጠለው። ቴክኒሻኑ ግን ራሱን እየነቀነቀ «ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው» አለ። ዓይኔን ለማየት ያፈረችው ገንዘብ የምትቀበለዋ ልጅ ብቻ ናት፣ አንገቷን ወደ ደረሰኙ ደፍታ ነበር።

ገንዘቤን መልሱልኝ ስል ስቲከሩ ተነክቷል፣ ዋስትናው ፈርሷል ተባልኩ። ስቲከሩ ያለው ሂትሲንኩን (ቺፑን የሚያቀዘቅዘውን ብረት) በያዘው ብሎን ላይ ነው፣ ጥፍሬ አልደረሰበትም። ከዚያ ቴክኒሻኑ ለእርቅ በሚመስል ድምፅ «ትንሽ ጨምርና 1060 እንስጥህ» አለ። እስቲ አሳየኝ አልኩት። ያው አረንጓዴ ካርቶን፣ ያው ዘንዶ፣ ያው ሰማያዊ ቀዳዳ። በዚያ ሁሉ ንዴት መሀል ሳቅ አፈነኝ።

ተነክቷል ካላችሁ እንግዲህ ልንካው ብዬ ቤት ስገባ ሂትሲንኩን ፈታሁት። ቺፑ ላይ በሌዘር የተጻፈውን ፎቶ አንስቼ ልወስድላቸው ነበር ሐሳቤ። ቴርማል ፔስቱን (ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) ጠርጌ ስጨርስ ጽሑፉ የለም። ፈቅፍቀውታል፤ መስተዋት በሚመስለው ጥቁር ገጽ ላይ ጭረቱ ብቻ ነው የቀረው። የባዮሱን ስም መቀየር በአምስት ደቂቃ ያልቃል፣ እዚህ ላይ ግን አንድ ሰው ተቀምጦ፣ አንድ ቀን የሚከፍተው ገዢ እንዳለ አስቦ፣ በመሣሪያ ፍቋል። እንዲህ ያለው ካርድ ከፋብሪካ ተሳስቶ አይወጣም።

ለማንኛውም የምትገዙ ካላችሁ፣ ጂፒዩ-ዚ ሐሰተኛ ካርድ መለየት የጀመረችው በ2018 በወጣው 2.12 እትሟ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ያለውን ይዛችሁ ሂዱ። አንሰካም ካሏችሁ አትግዙ። ድራይቨሩን አታዘምኑ ካሏችሁ አትግዙ። ቢጫው ምልክት ሁሉንም አይይዝም፣ ስለዚህ የቺፑን ስምና የኮሩን ቁጥር ከኤንቪዲያ ገጽ ጋር አስተያዩ። የተፎካካሪው የኤኤምዲ ካርድ ፈላጊዎችም ብትሆኑ የኮሩን ቁጥር እዩ፤ አርኤክስ 580 ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ 2304 ኮር ያለውም አለ፣ 2048 ያለውም አለ፣ ሁለተኛው ሐሰተኛ ባይሆንም በመጀመሪያው ዋጋ መሸጥ የለበትም።

ደረሰኙ ላይ ደግሞ የካርዱን ሙሉ ስም አስጽፉ። ቅሬታ ላቀርብ ብዬ የኔን ባወጣው «የኮምፒውተር ዕቃ፣ ብዛት 1» ነው የሚለው።