ብሉቱዝ ስካነር በአሮጌ ያሪስ ላይ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ ያየሁት

ከጥቅሟ ልጀምር። ይቺ መኪናው ሶኬት ላይ የምትሰካ፣ ኢኤልኤም 327 የሚሏት ትንሽ የብሉቱዝ ስካነር የብልሽት ኮድ ለማንበብ ብቻ ከሆነ የምትገዟት ይቅርባችሁ፣ ኮድማ ማንኛውም የመኪና ኤሌትሪሻን ሰክቶ ያነብላችኋል። ዋጋዋን የምታወጣው ሞተሩ እየሰራ ሴንሰሮቹ የሚሉትን ስልካችሁ ላይ ስታሳያችሁ ነው። እኔ የገዛኋት ክረምት ከመግባቱ በፊት ነው፣ አሁን የቡና ለቀማው አልፎ መንገዱ ደርቋል፣ እሷም እስካሁን ትሰራለች። የከፈልኩት ታንክ ሙሉ ቤንዚን ከሚሞላበት በታች ነው።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ2004 ያሪስ ናት፣ ባለ 1.0 ሞተር፣ ከአውሮፓ የገባች። ይሄን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ አዲስ የቤንዚን መኪና እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ፣ አሜሪካ ደግሞ ከ1996 ጀምሮ ኦቢዲ 2 (ስካነር የሚያናግረው የመኪና ራስን መፈተሻ ስርዓት) ግዴታ ስለሆነ እነዚህ ላይ ችግር የለም። ከጃፓን መጥተው መሪያቸው የተገለበጡት የቆዩ ቪትዞች ግን ሶኬቱ ኖሯቸው ስካነሯን ላያናግሯት ይችላሉ፣ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ከሰው ተውሳችሁ ሞክሩ። ዲኤክስ ያላችሁ ደግሞ እርሱት፣ የሚሰካበትም የለው።

የኔ ጣጣ የጀመረው ክሩስኮቱ ላይ ያቺ ቢጫ የሞተር መብራት በርታ አልጠፋ ስትል ነው። ኮዱ ፒ0420፣ ማለትም የሞተሩ ኮምፒውተር «ካታላይዘሩ (ጭስ ቱቦው ላይ ያለው ጭስ ማጣሪያ) ስራውን እየሰራ አይደለም» ብሎ ፈርዷል። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ሰውየው ከስር አየት አደረገና «ወንድሜ ይሄን ቆርጠን ሆዱን ባዶ እናድርገው፣ መኪናህም ትፈታለች፣ የሚገዛ ሰውም አለኝ» አለኝ። የሚገዛ ሰው እንደማይጠፋማ አውቃለሁ፣ ውስጡ ያለው የማር እንጀራ የመሰለ ነገር ላይ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ተቀብቶበታል። ሌላው ጋ ስሄድ ደግሞ ኋለኛውን ሴንሰር ቀይር አለኝ፣ ለምን ስለው «ብዙ ጊዜ እሱ ነው» ነው መልሱ። እሺ ጋሼ ብዬ ወጣሁ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እቺኑ አሮጌ መኪና ይዞ መኖር ነው፣ እና በግምት የሚቆረጥ ነገር የለኝም።

ኮምፒውተሩ በምን እንደሚፈርድ ካወቃችሁ ግማሹ ስራ አለቀ። ሁለት የኦክስጅን ሴንሰር አለ፣ አንዱ ከካታላይዘሩ በፊት አንዱ በኋላ። የፊተኛው ሞተሩ ሲሞቅ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ላይ ታች ሲል መዋል አለበት፣ ስራው ነው። ካታላይዘሩ ጤነኛ ከሆነ ኦክስጅን ይዞ ስለሚያቆይ ኋለኛው ረጋ ብሎ 0.6 ወይ 0.7 አካባቢ ይቀመጣል። ኋለኛው እንደ ፊተኛው መዋዠቅ ከጀመረ ነው ፒ0420 የሚመጣው።

እና ማታ ቤት ደጃፍ አቁሜ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጥ፣ ኋለኛው ይዘላል፣ ካታላይዘሩ ሞቷል ያስብላል። ነዳጅ ሰጥቼ 2500 ዙር ላይ ትንሽ ሳቆየው ግን 0.6 ምናምን ላይ ቁጭ አለ! የሞተ ካታላይዘር እንደዚህ አይረጋም። ሎንግ ተርም ፊውል ትሪም የሚባለውን ስከፍት ደግሞ በሚኒሞ +14 በመቶ፣ በ2500 ዙር +3። ይሄ ማለት ኮምፒውተሩ በሚኒሞ «አየር በዛ» ብሎ ቤንዚን እየጨመረ ነው፣ ዙሩ ሲጨምር ግን ችግሩ የለም። የሆነ ቦታ የማይገባ አየር ይገባል፣ ካታላይዘሩ ምን አጠፋ።

የጭስ ቱቦ ከሴንሰሩ በፊት ቀዳዳ ካለው ጭስ ብቻ አይደለም የሚያስወጣው፣ ጭሱ በምት በምት ስለሚወጣ በመሃል አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ በተለይ በሚኒሞ። ሴንሰሩ ያንን አየር አይቶ ይዋሻል። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ሳስነሳ ጭክ ጭክ ጭክ የሚል ድምፅ ነበራት፣ ሲሞቅ ብረቱ ይሰፋና ድምፁ ይጠፋል፣ ጋራዥ ስደርስ ደግሞ ሞቃለችና ማንም አይሰማውም። ኮፈኑን ከፍቼ በስልክ መብራት ሳይ የሞተሩና የቱቦው መጋጠሚያ ላይ እንደ ጥላሸት ጥቁር መስመር ከስር ወደ ላይ ተለቅልቋል። የሳሙና ውሃ ረጭቼበት ሳስነሳው አረፋው ቡፍ ቡፍ አለ። መጋጠሚያውን የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ተበልቶ አልቋል በቃ። መርካቶ ገዝቼ አንድ ልጅ ቀየረልኝ፣ አንደኛው ቡሎን ዝጎ ስለነበር ተሰብሮ ግማሽ ቀን ፈጀብን እንጂ ስራው ከባድ አይደለም፣ ዋጋውም ከካታላይዘር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ከዛ ኮዱን አጠፋሁት። እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ ኮድ ማጥፋት ጥገና አይደለም። ስታጠፉት ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻዎች ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል፣ የካታላይዘሩን ፍተሻ ደግሞ ሞቆ መንገድ ላይ ረጋ ብሎ ሳይነዳ አይጨርሰውም፣ መብራቱም የሚበራው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጉዞ ላይ ደጋግሞ ሲያገኘው ነው። አንዳንድ ሰው አጥፍቶላችሁ ብሩን ተቀብሎ የሚሸኛችሁ ለዚህ ነው፣ ቤት እስክትደርሱ አይበራም! አፑ ላይ ሬዲነስ (የትኛው ፍተሻ እንዳለቀ የሚያሳየው) የሚለውን እዩ፣ ካታሊስት የሚለው «ተጠናቋል» ካላለ መብራት ጠፋ ብላችሁ አትደሰቱ። የኔ ወደ አጋሮ ደርሼ ስመለስ ተጠናቀቀ፣ ኮድ የለም፣ ትሪሙም በሚኒሞ ወደ +4 ወርዷል። ጅሬን ዳገት፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ማለቴ ነው፣ ድሮ በአንደኛ ማርሽ ስታቃስት የነበረችው አሁንም ታቃስታለች፣ 1.0 ሞተር ናት ምን ይደረግ። የነበራት የቤንዚን ሽታ ግን ሄዷል።

አንድ የወደድኩት ነገር፣ ቁልፍ ከፍታችሁ ሞተር ሳታስነሱ ማፕ ሴንሰሩን (የአየር ግፊት የሚለካውን) ብታዩ ጅማ ላይ 82 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ያሳያችኋል። ባህር ጠለል ላይ 101 ነው የሚሆነው። ሴንሰሩ ተበላሽቷል የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት፣ ከተማችን ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ነው። አዲስ አበባ ስሄድ ጊቤ በረሃ ወርጄ አቁሜ ሳየው 89 ደርሷል፣ ሴንሰሩ ጤነኛ ለመሆኑ ከዚህ በላይ ማረጋገጫ የለም።

አሁን ወደ ጉድለቷ። እንደኔ አይነት የቆየ መኪና ከስካነር ጋር የሚያወራው ኬ ላይን በሚባል የድሮ የመገናኛ መስመር ነው፣ እና ቀርፋፋ ነው፣ ብዙ ቁጥር አንዴ ከከፈታችሁ ሴንሰሩ ዘሎ ከጨረሰ በኋላ ነው ስልኩ ላይ የምታዩት። ሁለት ብቻ ክፈቱ፣ ሌላውን ዝጉት። ሁለተኛ፣ ሶኬቱ 16ኛ ፒን ላይ ቁልፍ ቢዘጋም ባትሪ አለ፣ ሰክታችሁ ከረሳችኋት ቀስ በቀስ ባትሪ ትጠጣለች። ሶስተኛ፣ ገበያ ላይ ያሉት ክሎን (ኮፒ) ናቸው፣ ላያቸው ላይ 1.5 ወይ 2.1 ይላል፣ 2.1 የሚለው ቁጥሩ ስለበለጠ ይሻላል እንዳትሉ፣ በብዛት አንዳንድ ስራው ተቆርጦ የወጣው እሱ ነው፣ ኬ ላይን ላይ ይንገዳገዳል። ሻጩ «አዲሱ ነው» ይላችኋል፣ እሺ በሉትና 1.5ቱን አምጣ በሉት። አይፎን የያዛችሁ ደግሞ ይሄ ተራ ብሉቱዝ አይሰራላችሁም፣ ዋይፋይ ያለውን ነው የምትፈልጉት።

ክረምት ላይ ሊሙ መንገድ ጭቃው ውስጥ ስታገል መብራቷ እንደገና በራች። ልቤ ወደቀ፣ ካታላይዘሩ ነው ብዬ። ሰክቼ ሳይ ፒ0141፣ የኋለኛው ሴንሰር ማሞቂያ። ሌላ ነገር ነው እንግዲህ። ጋራዥ ብሄድ አዲስ ሴንሰር ግዛ ነው የምባለው፣ ኮዱ ግን የሚለው የማሞቂያው ሰርኪዩት ነው፣ ሴንሰሩ ሞቷል አላለም። ከስር ገብቶ ያየው ልጅ የሽቦው መያዣ ተበጥሶ ሽቦው ጭስ ቱቦው ላይ ተኝቶ ፕላስቲኩ ቀልጦ አገኘው። ማሞቂያውን በመልቲሜትር ለካው፣ ጤነኛ ነው። ሊበይደው ሲል አስቆምኩት፣ የኦክስጅን ሴንሰር ሽቦ ላይ ሊድ ብየዳ አይመከርም፣ ብዙዎቹ የውጪ አየር የሚተነፍሱት በሽቦው ውስጥ ስለሆነ ብየዳው ይደፍነዋል። በመቆንጠጫ አያያዝነው፣ ከሙቀት የሚከላከል ልባስ አለበስነው፣ ከቱቦው አርቀን አሰርነው። ከዛ ወዲህ ቢጫዋ አልበራችም።

የማትችለውም አለ። የኤቢኤስ (የፍሬን ሲስተም) መብራቴ እስካሁን እንደበራች ናት፣ የምጠቀምበት አፕ የሚያነበው የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ ስለሆነ እሱን ሊያናግረው አልቻለም። ለሱ የቶዮታ ሶፍትዌር ያለው ሰው ጋ መሄዴ አይቀርም፣ ጅማ ውስጥ ላፕቶፕ ይዞ የሚሰራ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።