ለልጄ የሩጫ አሰልጣኝ ምስጋና፣ ልጅ ለምታስሮጡ ወላጆች ደግሞ ጥቆማ

ይህን ለመጻፍ ካሰብኩ ሰነበትኩ። ልጄ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል ናት፤ በትምህርት ቤቷ የረጅም ርቀት ቡድን ውስጥ ትሮጣለች። ቡድኑን የሚያሠለጥኑት የስፖርት መምህሯ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጠቅስ ስለለመኑኝ ልጆቹ እንደሚጠሯቸው «ቲቸር» ልበላቸው።

አምና ልጄ ሌላ ቦታ ነበር የምትሠለጥነው። መስከረም ሳይጋመስ ሰዓት እየተያዘባት አስፋልት ላይ ትሮጥ ነበር። ክረምቱን ቤት የከረመ ሰውነት ይህን እንዴት ይችላል? ጥቅምት ላይ ቅልጥሟን አመማት። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃውን የእኔን ትከሻ ይዛ ነበር የምትወጣው። ሐኪሙ አጥንቷ ላይ ጫና በዝቶ ነው አለን፤ ሁለት ወር ከሩጫ ራቀች። ማታ ማታ ስታለቅስ እሰማት ነበር።

ዘንድሮ ይህን ሁሉ ለቲቸር ነገርኳቸው። «እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሰዓት አልይዝባትም» አሉኝ። ቃላቸውንም ጠበቁ።

ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት በ12 ሰዓት ጃንሜዳ ይገናኛሉ። ቲቸር ቀድመው ይደርሱና ሜዳውን በእግራቸው ይዞሩታል፤ የጠርሙስ ስባሪ ያነሳሉ፣ ዝናብ የሸረሸረውን ቦታ ለልጆቹ ያሳያሉ። ከዚያ በአንድ መስመር ተከታትለው ሶምሶማ ይጀምራሉ። ፊት ሆኖ የሚመራው አዲስ የገባ ልጅ ነው፤ ፈጣኖቹ ከኋላ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ልጄ ከመስመር ወጥታ ልትቀድም ስትል «የፊተኛሽን ተረከዝ እያየሽ ሩጪ! ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው» አሏት። ተናድዳ ነበር ቤት የገባችው። አሁን ይህንኑ ለዘጠነኛ ክፍሎቹ የምትነግራቸው እሷው ናት።

ምክንያቱንም ወላጅን ቁጭ አድርገው ያስረዳሉ። ትንፋሽ በጥቂት ሳምንት ይስተካከላል፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ልጁ አልደከመኝም ስላለ ብቻ ከተለቀቀ እግሩ ይጎዳል። የእንጦጦን ዳገት ለኅዳር ያቆዩትም ለዚሁ ነው። እዚህ ጃንሜዳ እንኳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብለን ነው ያለነው፤ እንጦጦ አናቱ ላይ 3,000 ያልፋል። አንዳንድ ወላጅ «ልጆቹን አዘገዩብን» ሲል ሰምቻለሁ። እኔ አልስማማም፤ የመቸኮልን ዋጋ በልጄ እግር አይቼዋለሁና።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን የደብተሩ ነገር ነው። እያንዳንዱ ልጅ ማታ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ቁርስ ምን እንደበላ፣ የት እንዳመመው የሚጽፍበት ደብተር አለው። መስከረም መጨረሻ ላይ በአንዲት ልጅ ደብተር «ቁርስ» የሚለው ቦታ ለብዙ ቀናት ባዶ ሆነ። ቲቸር ልጅቷን ለብቻዋ ጠርተው አልጠየቋትም። በቀጣዩ ማክሰኞ በጀሪካን የተበጠበጠ በሶ ይዘው መጡና «ከዛሬ ጀምሮ የቡድኑ ደንብ ነው፤ ሳይጠጣ የሚሄድ የለም» አሉ። ሁሉም ተሰልፎ አንዳንድ ኩባያ ጠጣ። እኔ ያወቅሁት ደብተሮቹን በመሰብሰብ ስለማግዛቸው ነው፤ ልጆቹ እስካሁን በማን ምክንያት እንደተጀመረ አያውቁም። አሁን በሶውን ወላጆች በተራ እናዘጋጃለን፤ ለጾምም የሚሆን ስለሆነ የነቢያት ጾም ሲገባ አይቋረጥም።

የበቆጂው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱም የትምህርት ቤት ስፖርት መምህር ነበሩ፤ ደራርቱም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም በእጃቸው አልፈዋል። የእኔ ልጅ እዚያ ትድረስ አትድረስ አላውቅም። ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ መምህር ስንት ነገር እንደሚሠራ ግን ዘንድሮ በዓይኔ አየሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓት ተይዞ 3 ኪሎ ሜትር ሮጡ። ልጄ ሦስተኛ ወጣች። ቤት ስንደርስ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጥታ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ቲቸር ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌላ ትምህርት ቤት የሚመጡ ልጆችንም ይቀበላሉ፤ ክፍያው የእኛን ዓይነት ቤተሰብ አቅም ያገናዘበ ነው። ልጁ በአንድ ወር ሜዳሊያ እንዲያመጣ የሚቸኩል ወላጅ ግን ባይመጣ ይሻላል፤ አይግባቡም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትመጡ ልጁ አዘውትሮ የሚሮጥበትን ጫማ ያድርግ፤ አዲስ አትግዙ። መጀመሪያ የሚያዩት የጫማው ሶል በየት በኩል እንደተበላ ነው።